መሰላሉን የያዘው እጅ

ኅዳር 5 ቀን 1972
ከደጃፍ እስከ ቁርቁራው ዛፍ 22 እርምጃ። በአንድ ክራንችና በይርጋ ትከሻ። ሕመም ከአሥር አምስት። ትናንትም አምስት። ደሴ የተነሣሁትን ራጅ ድሬሰሩ ወደ መስኮቱ ይዞ ደግሞ አየው። "የዳሌው አጥንት ገጥሟል መምህር፤ ሕመሙ ግን ይቆያል።" እስከ መቼ? አልነገረኝም።

ኅዳር 8
ይርጋ ወተት ይዞ መጣ። ሃያ ዓመት አብረን አስተምረናል፤ ከወደቅሁ ወዲህ አንድ ቀን አልቀረም። 30 እርምጃ። ስለ ጳጉሜ 4 ዛሬም አነሣሁበት... የቀበሌው በር ላይ የሰቀሉት የመፈክር ጨርቅ በግራ በኩል ዝቅ ብሎ ነበር። ጽሑፉ የኔ ነው፤ ተንጋዶ ሳየው አላስችል አለኝና ወጣሁ። መሰላሉን ያቆምኩት እኔ፣ የያዘልኝ እሱ። እግሩን በደንብ ሳልተክለው ቀርቼ ይሆን?
"መሬቱ ነው የከዳን፣ ሙሀመድሰይድ" አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ይለኛል። እንዳላዝን ብሎ...

ኅዳር 9
ስድስት። ተጋድሜ ዋልኩ።

ኅዳር 12
ከቀበሌው ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው ዚነት ልትጠይቀኝ መጣች። ከባለቤቴ ጋር ሲሳሳቁ ቆዩ።
"ጋሼ የወደቁ ዕለት ያለፈው ካድሬ እኮ ከመኪናው ዞር ብሎም አላያቸው" አለች።
"ማንን?" አልኳት።
"ጋሽ ይርጋን ነዋ። መሰላሉን ለቀው ግራ እጃቸውን ጨብጠው ለሰላምታ እስከ ሰማይ ሲያነሡለት።" ፊቴን አየችና ሳቋን ዋጠች። "ጋሼ... አልነገሩዎትም እንዴ?"
ሰባ አራት ቀን ራሴን ወቀስኩ። ሰባ አራት ቀን ወተቱን ጠጣሁ።
ፈርቶ ነው። ማን ያልፈራ አለ? እጁን ያላነሣ ሰው ፀረ አብዮት እንደሚባል አውቃለሁ። መልቀቁስ ይሁን... መሬቱን ለምን ወነጀለ?

ኅዳር 13
ሕመም አልመዘገብኩም። ይርጋ ሲመጣ "ተኝቷል" በይው አልኳት ባለቤቴን።

ኅዳር 15
ወተቱን መደቡ ላይ አስቀምጦ እንደ ልማዱ አጠገቤ ቆመ።
"በል ተነሥ፣ ያዘኝ። ዛሬ አርባ እንገባለን።"
"በየትኛው እጅህ ነው የምትደግፈኝ?"
ግራ እጁን አየ። ቀጥሎ መሬቱን። ክራንቼን አንሥቼ ብቻዬን ተነሣሁ።
በክራንች ብቻ፦ 17 እርምጃ። ቁርቁራው ጋ አልደረስኩም። ሕመም ሰባት። ወተቱ መደቡ ላይ እንዳለ ነው።