ጭራዋን የቆረጥናት ፊደል

ሰኞ፣ ማርች 3
እንግሊዝ አገር፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል፣ የኅትመት ቢሮ። ዛሬም ያው የኮሚዎች ፊደል ማስቆጠሪያ። ሩሲያ ሰሜን ያሉ ሕዝቦች ናቸው። የራሳቸው ፊደል ነበራቸው፣ ከተሻረ ቆየ። ታዲያ ማን ይጠየቃል? መጽሐፉ ኬንቲሽ ታውን ያሉት የወይዘሮ ኒና ነው። እናታቸው መምህርት ነበሩ፣ በዚህ ነው ያስተማሩት። ዓይናቸው ሳይጠፋ በትልልቁ ታትሞላቸው ማንበብ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ ስተይብላቸው አንዲት ፊደል ላይ ተገትሬያለሁ። እንግሊዝኛውን ዲ ትመስላለች፣ ከግርጌዋ ጭራ አላት። ጭራ ነው ወይስ የቀለም ጠብታ?

ሐሙስ፣ ማርች 6
የአባቴን ጓደኛ ጋሽ ዓለምሰገድን ጠየቅኩ። በደርግ ጊዜ ሩሲያ፣ ቮሮኔዥ የተማሩ ናቸው። አንዴ አይተው፣ «የማተሚያ ስህተት ነው፤ ሩሲያኛ እንዲህ ያለ ፊደል የለውም» አሉ። ሩሲያኛ አይደለም እኮ ጋሼ... ልል ነበር። ማን ደፍሮ? ጭራዋን ከየገጹ ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ማርች 11
የሙከራ ኅትመቱን ለወይዘሮ ኒና ይዤ ሄድኩ። የሩሲያ ፊደል በጥቂቱ እለያለሁ፤ እየተንተባተብኩ አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉ። ደግሜ አነበብኩ።
«እናቴ እንዲህ አትናገርም ነበር» አሉ።
ከዚያ ቃሉን ራሳቸው አሉት፣ ለስለስ አድርገው። ለካ ጭራዋ ሥራ ነበራት። ግራ ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ቀኙም እየደበዘዘ ነው። አፈርኩ።

ቅዳሜ፣ ማርች 15
ጋሽ ዓለምሰገድ ቀን በቀን ይደውላሉ። የቀረውን ላኪልኝ፣ አጸዳዋለሁ... መጽሐፍ እያረምኩ ነው ብለው ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ አውርተዋል። መሳሳታቸውን መንገር አለብኝ፣ ግን እንዴት? የእናቴን ጓደኛ እትዬ ውብነሽን ሽማግሌ ሁኑልኝ ብዬ ለመንኩ። ሽማግሌ ለትዳር እንጂ ለፊደል ይላካል እንዴ ብለው ሳቁብኝ። ግን እሺ አሉ።

እሑድ፣ ማርች 16
እትዬ ውብነሽ ደወሉ። ዙሪያ ጥምጥም ሄደው ሄደው ነግረዋቸዋል። ጋሼ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሱ አሉ። «እሷ ራሷ አፍ የላትም?» ብለው።
ተናደድኩ። በሳቸውም፣ በራሴም።

ሐሙስ፣ ማርች 27
ጭራዎቹን ሁሉ መለስኩ። ጋሼ እንደኮረፉ ናቸው። ማታ ወይዘሮ ኒና ደወሉ። ቀኙም ዓይን አበቃ። «ግን መጽሐፉን አትሚው» አሉ። ለማን?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 4
ጋሼ ጋ ራሴ ደወልኩ።
«ጋሼ፣ ተሳስተዋል። እኔም እየጠረጠርኩ ዝም አልኩ። አሁን ወይዘሮ ኒና ዓይናቸው ጠፍቷል፤ የሚያነብላቸው ሰው እፈልጋለሁ።»
ስልኩን ይዘጉታል ብዬ ነበር።
«ስንት ሰዓት?» አሉ።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5
ኮትና ከረባት አድርገው ኬንቲሽ ታውን መጡ። መጽሐፉን ገልጠው በዚያ በወፍራም ድምፃቸው ጀመሩ። ወይዘሮ ኒና ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱ። ኒየት። ይቺን ይቺን እንኳን እኔም አውቃለሁ፤ አይደለም ማለት ነው። ጋሼ ደገሙት። ኒየት። እኔ አንገቴን ደፋሁ፤ አሁን ተነሥተው ይሄዳሉ ብዬ። ጋሼ ግን መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። እስኪመሽ አንዲት ገጽ አላለፉም። ሴትዮዋ አንዲት ቃል የሚያሳልፉ ሰው አይደሉም። ዓይን ባይኖራቸውም ፊታቸው በርቶ ነበር፣ እንዲህ አይቻቸው አላውቅም።
ስንወጣ ጋሼን ይቅርታ ልጠይቅ ስል ገና ከአፌ ሳይወጣ አቋረጡኝ።
«አታስወሪኝ ልጄ፣ የቤት ሥራ አለብኝ።»