ሒሩት ሞት ሲጠራት

እሑድ፣ የካቲት 9

ከአውሮፓ መካከለኛ ዘመን የመጣ አንድ ቴአትር ተርጉሜ፣ ዛሬ ንፋስ መውጫ በትምህርት ቤታችን አዳራሽ አሳየነው። ሞት ድንገት የሚጠራው ሰው ሆና የተጫወተችው ተማሪዬ ሒሩት ናት። በቴአትሩ ወዳጆቿም ዘመዶቿም ከዷት።

"እንግዲህ ማን አብሮኝ ይሄዳል?" ብላ ስትጮኽ፣ ከአርብ ገበያ ከተማ የመጡት አባቷ ከኋላ ብድግ አሉ።

"እኔ አለሁ ልጄ! ብቻሽን አትሄጂም!"

ሰው ሳቀ። ቴአትሩ ተበላሸ ብዬ ደነገጥሁ። እሷ ግን ከመድረክ ወርዳ ጉልበታቸውን ሳመች።

"አባባ፣ በዚህኛው መንገድ እርስዎም አይደርሱልኝም። ይቀመጡ" አለቻቸው። ከዚያ ወደ መድረክ ተመልሳ፣ በጎ ሥራዋን ሆኖ የተጫወተውን ተማሪ ብቻ ይዛ ወደ መቃብሩ ገባች።

ይህን ሚና በየአገሩ ስንቱ ተጫውቶታል፤ እንደ እሷ የተጫወተው ያለ አይመስለኝም። ሲያልቅ አባቷ እጇን ይዘው ወደ አርብ ገበያ እስከሚመለሱበት መኪና ድረስ አልለቀቋትም።