ከአባባ መንገድ የጠፋችው ሰዓት ተኩል

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ታላቅ ወንድሜ ለኢዮብ ፈቃዱ፤ ጆሃንስበርግ።

እንዴት ከረምክልኝ? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነን። ከመስቀል ወዲህ ስልክህ አልነሳ ስላለን፣ የጎረቤታችን ልጅ ጀማሉ ወደዚያ ሲመለስ ይህን ወረቀት አስይዤዋለሁ። አልደረሰኝም ማለት የለም!

አሁን የአባባን ጉድ ስማ። እምድብር አጠገብ ላለው መንደራችን ንጹሕ ውሃ ሊያስገባ የመጣ ድርጅት፣ ምንጮቹን በፎቶና በካርታ አሳዩኝ አለ። አባባ ማንንም ሳያስቀድሙ ያንን የታመመ ጉልበታቸውን ይዘው ቅዳሜ ጠዋት ተነሱ። የሄዱበትን መንገድ የሚመዘግብ መተግበሪያ ስልካቸው ላይ ጭኜላቸው ነበር። አሥራ አንድ ምንጭ አይተው፣ አርባ ፎቶ አንስተው እያነከሱ ተመለሱ።

እኔ እህትህ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለመላክ እንዲቀል ብዬ የመንገዱን ፋይል ሳሳንስ ሰዓቱን በሙሉ ጠርጌ ጣልኩት፤ ዋናውንም አጠፋሁት! ፎቶዎቹ ሰዓት እንጂ ቦታ የላቸውም፤ መንገዱ ደግሞ ቦታ እንጂ ሰዓት የለውም። የትኛው ምንጭ የት እንደሆነ በምን ይታወቅ? ድርጅቱ ሰኞ ይጠብቃል፤ የአባባ ጉልበት አብጧል። አልቅሼ ልሞት!

ጉብሬ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ኮምፒውተር የተማርኩት ለዚህ ቀን ነው ብዬ ኮድ ጻፍኩ። አባባ ማስታወሻቸው ላይ «መነሻ 2:00፣ መድረሻ 7:30» ብለዋል። ፕሮግራሙ ይህን ሰዓት በርቀቱ ልክ እያከፋፈለ ለእያንዳንዷ ነጥብ ይሰጣል። ብሞክረው ከአርባው ፎቶ አንድም ቦታ አላገኘ! ለካ የአባባን የጠዋት ሁለት ሰዓት እንዳለ አስገብቼው፣ ኮምፒውተሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት አድርጎታል። በሱ ቤት አባባ ከጅብ ጋር ነው የተጓዙት። እማዬ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ስድስት ሰዓት ጨመርኩ። ፎቶዎቹ መንገዱ ላይ ወጡ፤ ግን ምንጩ የሰው እንሰት ውስጥ፣ ድልድዩ ኮረብታ ላይ ይወድቃል። የሆነ ቦታ ቆመዋል ማለት ነው። የት ቆሙ ብላቸው የትም አሉ። ደግሜ ብጠይቃቸው ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ኢዮብ ቅዳሜ ቅዳሜ በአራት ሰዓት ይደውል አልነበር፣ ኔትወርክ የሚይዘው ኮረብታው ላይ ብቻ ስለሆነ ዝግባው ሥር ትንሽ ጠበቅሁት አሉኝ። ትንሽ የተባለችው ሰዓት ተኩል ናት ወንድሜ። አንጀቴን በሉት።

ያችን ሰዓት ተኩል ዝግባው ሥር ባስገባት አርባውም ፎቶ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሰኞ አስረከብን፤ ቁፋሮው የካቲት ላይ ይጀመራል። አባባ አሁን በዱላ ወጣ ወጣ ማለት ጀምረዋል።

እማዬ ጥሩወርቅ ጉንጭህን ስማሃለች። ታናሻችን ሩት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገባሁ በይልኝ ብላለች። አባባ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ የዝግባውን ነገር ግን እንዳትጽፊ ብለው አስጠንቅቀውኛል። ሥራ ፈትተህ አፍረህ እንደጠፋህ ጀማሉ ነግሮኛል። ባይሳካልህስ ምን አለበት? ድምፅህ ይበቃቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት በአራት ሰዓት ደውል። በኛ አቆጣጠር ነው፤ የዚያ አገር ሰዓት ዘጠኝ ሲል። እንደኔ እንዳትሳሳት!

እህትህ ሊዲያ ፈቃዱ
ወልቂጤ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.