የአምባሰሏ ጎጆ ክዳን

ልጄ ሙሐዲን፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ይጋርድህ። ስልኩ ድምፅ ስለሚቆራርጥ በጽሑፍ ላክሁብህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጦርነቱ ግን ወደ ሐይቅ እየቀረበ ነው። የተራራ መውጣት ክበባችሁ አምባሰል ላይ የሠራትን ጎጆ የክረምቱ ነፋስ ክዳኗን ገሽልጦታል። እኔ እየነገርኋት ይህን የምትጽፍልህ እህትህ ሀኒያ ነገ ከክበቡ ልጆች ጋር ቆርቆሮ ተሸክማ ልትወጣ ነው። ገደሉን ጭጋግ ሸፍኖታል። አንተን ትሰማለችና ከልክልልኝ።

ይህን ስላት መጻፏን አቆመች። «እማ፣ ጎጆዋ ውስጥ ከወልድያ የሸሹ እናቶች ከነሕፃናታቸው አሉ፤ ዝናቡ እላያቸው ላይ ነው» አለችኝ።

እንግዲህ መከልከሉን ተወው። ጭጋግ ሲወርድ በስም እየተጠራራችሁ ትሄዱ የለ? እሷ ድምፅ ማውጣት ታፍራለች። ስሟ ሲጠራ ጮክ ብላ እንድትመልስ አደራ በላት፤ ዱዓም አድርግላት። አላህ ሁላችሁንም በደህና ይመልስልኝ።