ቁልፉ ነርሷ ጋ ነው

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7፣ 2002

ዛሬም ጂም፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ። ሁለት ዙር እንደሮጥኩ ደረቴ ማፏጨት ጀመረ። ኢንሄለሬ፣ የምስበው የአስም መድኃኒቴ፣ የትምህርት ቤቱ ክሊኒክ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ቁልፉ ነርሷ ጋ ነው። እሷ ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤትም ትሠራለች...

እጄን ላወጣ ነበር። ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ታየኝና ተውኩት። ጥግ ይዤ ቁጭ አልኩ። ለቀቀኝ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 9

ኢንሄለሩን ኪሴ ልያዘው ብዬ ነርሷን ጠየቅኳት። እንዴት እንደደፈርኩ እንጃ። «እናትሽን ልጠይቅ» አለችና እዚያው ደወለች። እማዬ ኮንየርስ ከተማ፣ የምትሠራበት መጋዘን ውስጥ ናት።

«ቤት ስትሆን አስሟ እንዴት ነው?»

የእማዬ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። «ፋይን! ፋይን! ታንክ ጎድ!»

ነርሷ ደስ አላት። ደህና ከሆንሽ እዚሁ ይቀመጥ አለች። ምን ልበል? እናቴ ዋሸች ልበል?

ከሥራ ስትመለስ ጠየቅኳት።

«ሰው እንዴት ናት ሲለኝ ታዲያ ምን ልበል ፅጌ? ተመስገን ነው የሚባለው። ክፉ ላውራብሽ?»

ትናንት ሌሊት ጀርባዬን ስታሽ ያደረችው እሷው ናት።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 11

ምንም የለም። ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 15

ደረጃው ላይ ያዘኝ። አየሩ እምቢ አለ። ሚካኤላ ከኋላዬ ነበረች፤ እዚህ አሜሪካ ያደገችው የአበሻ ልጅ። አውርተን አናውቅም።

«ኦ ማይ ጋድ! ኢንሄለርሽ የት ነው?»

ወደ ክሊኒኩ በእጄ አሳየኋት። ጎትታ ወሰደችኝ። ነርሷ የለችም። የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ መሳቢያውን ትስባለች፣ አይከፈትም። ሚካኤላ «ስበሩት!» እያለች በእንግሊዝኛ ትጮሃለች... ከዚያ አምቡላንስ።

እማዬ የመጋዘን ሰደርያዋን እንደለበሰች ሆስፒታል መጣች። አላለቀሰችም። እግሬን ይዛ ቁጭ አለች።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 21

እማዬ ፈቃድ ወስዳ አብራኝ ትምህርት ቤት ሄደች። ነርሷ ለሰላምታ «እንዴት ነሽ?» አለቻት።

«ኖት ፋይን» አለች እማዬ። ነርሷ ደነገጠች። «ሺ ኖት ፋይን። ናይት፣ ኖ ስሊፕ።» ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ሌላውን አንቺ ንገሪያት። እኔ ቋንቋው አለቀብኝ።»

ነገርኳት። ድምፄ ቀጭን ነበር፣ ግን ነገርኳት። ነርሷ መሳቢያውን ከፈተች።

አሁን ኢንሄለሩ ኪሴ ውስጥ ነው። ስቀመጥ ይቆረቁረኛል።

ኮሪደር ላይ ሚካኤላ አገኘችኝ። «ሄይ፣ ደህና ነሽ?»

«ደህና...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

«ደክሞኛል» አልኳት።

ቦርሳዬን ተቀበለችኝ።