የሰባተኛዋ መርከብ የጭነት መስመር እንዲመረመርልኝ

ለሸለቆው የወንዝ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ 13/03/17 ዓ.ም.

ጉዳዩ፦ የፊታችን ሰኞ እንዲፈርስ የታዘዘው የመርከብ መሥሪያ መጋዘን ለጊዜው እንዳይነካና በውስጡ ያለው ማስረጃ በባለሙያ እንዲታይልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

እኔ አመልካች በቀድሞው የመርከብ መሥሪያ ድርጅት በቀለም ቀቢነት ያገለገልኩ የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ። አባቴ በወንዙ መታጠፊያ ላይ ያለው መጋዘን ዋና መርከብ ሠሪ የነበሩት፣ ከቱንቢያቸው ስለማይለዩ ሠራተኛው ሁሉ «ጋሽ ቱንቢ» እያለ የሚጠራቸው የሰማንያ ሦስት ዓመት አዛውንት ናቸው። ይህን አቤቱታ የምጽፈው ስለ እርሳቸው ነው። ከግማሽ በላይ ስለ ራሴ ሆኖ ቢገኝ ግን ክቡርነትዎ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

1. በዚህ ሸለቆ መርከብ መሥራት የተጀመረው ድርጅቱ ሲቋቋም አይደለም። አያቴ ከላይኛው ደን ግንድ በውሃ አንሳፈው እያወረዱ፣ ሳንቃውን በገመድ ሰፍተው፣ ስፌቱን በቅጥራን ደፍነው ጀልባ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን ከፏፏቴው እስከ ወንዙ አፍ አሥራ አራት መጋዘኖች ነበሩ። አባቴ ልጅ ሳሉ በጀልባ ሲወርዱ ዐይናቸውን ጨፍነው፣ በመዶሻው ድምፅ ብቻ ከየትኛው መጋዘን አጠገብ እንደደረሱ ይናገሩ ነበር። በኋላ ላሜራና ብየዳ መጣ። ከእንጨት ወደ ብረት መጀመሪያ የተሻገሩት አባቴ ናቸው። እያንዳንዱን መርከብ ከመሥራታቸው በፊት የጎድን አጥንቶቿን ቅርጽ በኮምፔንሳቶ ቆርጠው ፎርማ ያወጣሉ፤ ፎርማውንም አይጥሉም። ስድስት መርከቦች ሠርተው አንዳቸውም ውሃ አላስገቡም። ድልድዩ ከተሠራ ወዲህ መኪናው መርከቡን ተካው፤ መጋዘኖቹም አንድ በአንድ ተዘጉ። የቀረው ይኸው ሰኞ የሚፈርሰው ነው።

2. ሰባተኛዋ መርከብ ከዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት በፊት፣ ሥራ በጀመረች በአራተኛው ወር፣ ሰውና ሲሚንቶ ጭና ስትወርድ መታጠፊያው ላይ ተገለበጠች። ሠላሳ ስምንት ሰዎች ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ የአባቴ አብሮ አደግና የሥራ ባልደረባ የነበሩት በያጅ ናቸው። ከአደጋው የተረፉት ሁሉ ለፍርድ ቤቱ ሲመሰክሩ፣ ውሃው የመጫኛዋን ልክ ለማሳየት ጎኗ ላይ ከተቀባው ነጭ የጭነት መስመር አላለፈም ነበር አሉ። እውነታቸውን ነው። ጭነቱ ከመስመሩ ካላለፈ ጥፋቱ የልኬት ነው ተባለና አባቴ አራት ዓመት ታሠሩ። እናቴ «ባሌ ልኩን አይስትም» እንዳለች፣ አባቴ ሳይፈቱ አረፈች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እሰማት ነበር።

3. ባለፈው ወር ጽሕፈት ቤቱ ስለ ሸለቆው የመርከብ ሥራ ታሪክ የሚያሳይ አዳራሽ ከፈተ። አባቴ ካላየሁ አሉ። በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ ወሰድኳቸው። ዐይናቸው ስለደከመ ሰሌዳዎቹን አንድ በአንድ አነበብኩላቸው። የአያቴ ጀልባ ፎቶግራፍ ጋ ስንደርስ እንደ ልጅ ሳቁ። ቀጥሎ ያለው ሰሌዳ ግን «ሰባተኛዋ መርከብ በሠሪው የልኬት ስህተት ተገለበጠች» ይላል። ያንን ዘልዬ ወደሚቀጥለው ገፋኋቸው። ከኋላችን ተማሪዎችን የምታስጎበኝ አስተማሪ ነበረች፤ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቃል በቃል አነበበችው። ከተማሪዎቹ አንዷ «ሰውየው ታሠረ?» ብላ ጠየቀች። አባቴን ገፍቼ ወደ ቤት መለስኳቸው። ከገባን በኋላ «ልጄ፣ ለምን ዘለልሽው?» አሉኝ።

4. ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በታች ያለውን እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለፍርድ ቤቱም አልተናገርኩም።

የመርከቧን የጭነት መስመር የቀባሁት እኔ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። መጀመሪያ አባቴ በሰጡኝ ልክ ቀባሁት። በሦስተኛው ወር እርሳቸው ብረት ሊያመጡ ወደ ላይኛው ሸለቆ ሄደው ሳለ የያኔው የድርጅቱ ቅርንጫፍ ኃላፊ ቢሮ አስጠሩኝ። የቋሚ ሠራተኝነት ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ነበር፤ ያልተፈረመ። «አባትሽ ግትር ነው፤ ሲሚንቶው ደግሞ ቸኩሏል። መስመሯን ትንሽ ከፍ አድርጊያት። ቀለም እኮ ነው፣ ብረት አይደለም» አሉኝ። የታችኛውን መስመር በጥቁር ቀለም ሸፈንኩት፤ ሌላ ነጭ መስመር ከላዩ ቀባሁ። ደብዳቤው በማግሥቱ ተፈረመልኝ። መርከቧ የሰጠመችው አባቴ ከመመለሳቸው ሁለት ቀን ቀድሞ ስለሆነ አዲሱን መስመር መርከቧ ላይ ሳለ አላዩትም። ኃላፊው ከሞቱ ቆይተዋል። እርሳቸውን ለመክሰስ አልጻፍኩም፤ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነኝ።

5. ከአዳራሹ ከተመለስን በኋላ ይህንን ለአባቴ ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን «ስንት ከፍ አደረግሽው?» ብለው ጠየቁኝ። አንድ ክንድ ከስንዝር አልኳቸው። ብርድ ልብሳቸው ላይ በጣታቸው እየጻፉ ለረጅም ጊዜ አሰሉ። ከዚያ «እንግዲያው ልኬ ትክክል ነበር» አሉና ተንሰቅስቀው አለቀሱ።

አባቴ ከእስር ከወጡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት መጋዘኑ ሄደው የሰባተኛዋን መርከብ ፎርማዎች ይለኩ ነበር። እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ አንድ ቀን አልተውም። እኛ የሥራ ፍቅር ነው እንል ነበር፤ እንዲያውም «ሽማግሌው ስምንተኛዋን ሊሠራ ነው» እያልን እንቀልድባቸው ነበር። ለካ ስህተታቸውን ሲፈልጉ ነው የኖሩት። «ሠላሳ ስምንት ሰው የገደልኩት እኔ ነኝ» ብለው አምነው ነው የኖሩት። እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር ላሳርፋቸው ስችል ምሳቸውን እያቀረብኩ ዝም አልኩ።

ካለቀሱ በኋላ «እናትሽ ይህን ሳትሰማ ሞተች» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ውሃ እንኳ ከእጄ አይቀበሉም።

6. ከመርከቧ የተረፈው ከፊት አፍንጫዋ የተቆረጠ አንድ ሰፊ ላሜራ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ይገኛል። ላዩ ላይ ነጩ መስመር ይታያል፤ ቁራጭ ላይ ከፍታው ስለማይለይ አባቴ የራሳቸው መስመር ይመስላቸው ነበር፤ ከነጩ መስመር አንድ ክንድ ከስንዝር ዝቅ ብሎ ጥቁሩ ቀለም ቢፋቅ የመጀመሪያው መስመር ይወጣል። እኔ ልፍቀው ተነሥቼ ነበር፤ ነገር ግን ራሷ ፍቃ ራሷ ቀባችው እንዳይባል ፈርቼ አልነካሁትም። ላሜራውም ሆነ ፎርማዎቹ ሰኞ ከፍርስራሹ ጋር ከተጫኑ ከእኔ ቃል በቀር ምንም አይቀርም። የእኔ ቃል ደግሞ ምን ያህል እንደሚታመን ከላይ አንብበውታል።

7. በዚህ ሳምንት ያልረገጥኩት ደጅ የለም። መዝገብ ቤት የአደጋው ፋይል ተዛውሯል አሉኝ፤ ወዴት እንደተዛወረ የሚያውቀው ሠራተኛም ተዛውሯል። የአዳራሹ ኃላፊ «እትዬ፣ ሰሌዳው ታትሞ ተሰቅሏል፤ አሁን ታሪክ ሆኗል» አሉኝ። የክቡርነትዎ ጸሐፊ በትሕትና አስተናግዳኝ፣ ስብሰባ ላይ ስለሆኑ ሰኞ ከሰዓት እንድመለስ ነገረችኝ። መጋዘኑ የሚፈርሰው ሰኞ ጠዋት ነው።

8. ትናንት አባቴ ሁለት ጡረተኛ በያጆችን አስጠሩ፤ እነርሱም ከነአልጋቸው መጋዘኑ ውስጥ አስገቧቸው። አልጋቸው ላሜራው ሥር ነው። ምግባቸውን የምታደርስላቸው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ናት። ለእርሷ «የሚለካ ሰው ልከው ካላዩልኝ አልወጣም። ከፈለጉ ከነአልጋዬ ይጥረጉኝ» ብለዋታል። እኔ ደጅ ላይ በርጩማ አስቀምጬ እውላለሁ። ሳላቸውን እሰማለሁ፤ ሲያስሉ ተነሥቼ እስከ በሩ እሄድና እመለሳለሁ።

ስለዚህ፦

ሀ. የማፍረሱ ሥራ ላሜራውና ፎርማዎቹ በባለሙያ ተለክተው ቃለ ጉባኤ እስኪያዝ ድረስ እንዲቆይልኝ፤

ለ. የምርመራው ውጤት እኔ ያልኩትን ካረጋገጠ በአዳራሹ ያለው ሰሌዳ እንዲታረምና እርማቱ አባቴ በሕይወት እያሉ እንዲነበብላቸው፤

ሐ. መስመሩን ስለ መቀየሬና እውነቱን ስለ መደበቄ በሕግ የምጠየቅ ከሆነ እንድጠየቅ። ለዚህ ጥሪ አያስፈልገኝም፤ ያለሁበትን ከላይ ገልጫለሁ።

እነዚህ ሁሉ ባይቻሉ እንኳ ክቡርነትዎ ይህችን አንዲት ነገር አይንፈጉኝ። ሰኞ ጠዋት የሚመጣው ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ወርዶ ወደ ውስጥ ይግባ፤ በሩ አልተቆለፈም። አባቴ ጆሯቸው ስለከበደ ጠጋ ብሎ ያናግራቸው። ሜትር ይዞ ከሆነ መጀመሪያ ሜትሩን ያሳያቸው።

መልስዎን በመጋዘኑ ደጅ የምጠባበቅ፣
ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች፣ የመርከብ ሠሪው ልጅ

ግልባጭ፦
ለታሪክ አዳራሹ ኃላፊ
ለዶዘሩ ሾፌር
ባሉበት