የ178 እና የ2 አማካይ

ለክቡር ፕሮፌሰር አርጊሪስ ካሉዳኪስ፣
በተራራችን አናት ላይ ያለው የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያ ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ቀኝ ክንድዎ ከሐሙስ ድካሙ እንዳገገመ ተስፋ አደርጋለሁ።

ቀኑ ጁን 12 ነበር። ከሊቢያ የሚነሳው ትኩስ ነፋስ ሰማዩን አቧራ አልብሶት ውሏል። በምግብ ክፍሉ የነበርነው እርስዎ፣ ከአቴንስ የመጡ ሁለት እንግዶች፣ ሾፌሩ ሲፊስ እና ምሳውን ያቀረብኩት እኔ ነን።

1. ብላዛር ስለሚሉት ሩቅ የሰማይ አካል ላደረጉት ገለጻ አመሰግናለሁ። በመሃሉ ያለው ጥቁር ጉድጓድ ፀሐዮችን ቀጥቅጦ እንደሚውጥ፣ ከአፉ የተረፈውንም እንደ ጥይት ወደ እኛ እንደሚተፋ፣ ፖላራይዜሽን የሚሉት የብርሃን ንዝረት አቅጣጫም በዚያ ትፋት ውስጥ ምን ከምን እንደተጋጨ እንደሚናገር ነገሩን። ሳተላይቱ በኤክስሬይ ያየው አቅጣጫ ከትፋቱ ጋር ትይዩ ሲሆን፣ የእኛ ቴሌስኮፕ በዓይን በሚታየው ብርሃን ያገኘው ግን ዘጠና ዲግሪ ተጣሞ ነው አሉ። «እንዲህ ያለ ነገር ማንም አይቶ አያውቅም፤ ነገ በአራት ሰዓት ለዓለም ይላካል!»

2. አሥራ አንድ ዓመት ቁጥሮቹን በመዝገብ የምገለብጠው እኔ ስለሆንኩ፣ አንዱ ቀን 178፣ ሌላው 2 ዲግሪ እንደነበር፣ እርስዎም ሁለቱን ደምረው ለሁለት እንዳካፈሉ አውቃለሁ። ዱላዎን ተውሼ ጠረጴዛው ላይ ወደ ሰሜን አጋደምኩት፤ ከዚያ ጫፍና ጫፉን አዟዟርኩት። «ጌታዬ፣ አቅጣጫው ተለወጠ? አልተለወጠም፤ 180 እና ዜሮ አንድ ናቸው። 178 እና 2 ጎረቤታሞች ናቸው፤ አማካያቸው ዜሮ እንጂ ዘጠና አይደለም። ትፋቱም ወደ ሰሜን ነውና ከኤክስሬዩ ጋር ይስማማሉ።»

ሲፊስ ደግሞ አፉ አያርፍም፦ «ፕሮፌሰር፣ አንድ እግሬ ከገደሉ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ቢቆም፣ በእርስዎ ሒሳብ ገደል ገብቻለሁ ማለት ነው!»

እንግዶቹ ሳቁ።

3. ዱላውን ነጠቁኝ። የመጀመሪያው ምት ሳህኑን፣ ሁለተኛው የቀኝ እጄን አንጓ ሰበረ፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ሲጮህ ሁላችንም ሰማን። ሊገላግል የገባው ሲፊስ ሦስተኛውን በግንባሩ ተቀበለ፤ ደሙ አይቡ ላይ ተንጠባጠበ። «አንቺ መጥረጊያ! ቃል ብትተነፍሺ ከዚህ ተራራ እወረውርሻለሁ!» ለዚህ ግልጽ መለኪያ ልባዊ ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሦስቱ ምቶች የት እንዳረፉ ለማወቅ አማካይ መውሰድ አላስፈለገንም።

ይህን ደብዳቤ እሁድ እሁድ በሚቀመጡበት ቡና ቤት በር ላይ የለጠፍኩት ፍለጋ እንዳይደክሙ ብዬ ነው። በግራ እጅ ስለተጻፈ የፊደሉን መንጋደድ ይቅር እንዲሉኝ እየለመንኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣

ኤርጊና ፔራኪ፣ ጽዳትና መዝገብ

ማስታወሻ፦ በማግስቱ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። አንጓዬን በወጥ ቤት ፎጣ ጠቀለልኩ። የሁለቱን ቀን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ጻፍኩና አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ሳተላይቱን ለሚመሩት ሰዎች ላክሁ። ቁልፌን በበርዎ ሥር አስገባሁ። ግንባሩ በጨርቅ የታሰረው ሲፊስ እየነዳ አወረደኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለፖሊስ ቃሌን ሰጠሁ፤ ከዚያ ሐኪም ቤት ሄድኩ። በሦስት ሰዓት ከሃያ ሳተላይቱን ከሚመሩት ዘንድ «ልክ ነሽ» የሚል መልስ መጣልኝ። አራት ሰዓት ሳይሞላ ደውዬ ላስቆምዎ አስቤ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ እጄ ጀሶ ውስጥ ነበር።